አባዬንና ልጄን በአሮጌ ጋዜጣ ላገናኘች የላይብረሪ ሠራተኛ

ሰላም የጅማ ልጆች፣ ሰላም ወዳጆቼ።

ዛሬ የምጽፈው ምስጋና ነው። ዝም ብዬ ባልፈው ውስጤ አይቀበለኝም። ጅማ ውስጥ፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም ሳትርቅ፣ አንዲት ትንሽ የሕዝብ ላይብረሪ አለች። እዚያ የምትሠራ አንዲት እህት አለች። ስሟን ልጽፍ ስል «እባክሽ ስሜን ተዪው፣ ሰው ለንባብ ይምጣ እንጂ ለእኔ አይምጣ» አለችኝ። ፈቃዷን አክብሬያለሁ። ምስጋናውን ግን ልትከለክለኝ አትችልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ አባዬ እኛ ቤት መጥቶ መኖር ጀመረ። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የቡና ነጋዴ ጸሐፊ ነበር። ሚዛን አጠገብ ቆሞ ኪሎ ሲመዘግብ፣ ደረሰኝ ሲቆርጥ ነው የኖረው። ጋዜጣ ከእጁ አይጠፋም ነበር። አዲስ ዘመን ከአዲስ አበባ ቀናት ዘግይቶ ቢደርስም ግድ አልነበረውም። አንብቦ፣ አጣጥፎ፣ በየወሩ እየለየ ያስቀምጠው ነበር። እኛ ጋ ሲመጣ ያ ሁሉ ቀረ። ስልክ ላይ ማንበብ አይሆንለትም። ቴሌቪዥኑ ሲንጫጫ ይውላል፣ እሱ ዝም። ቡና ተፈልቶ ሰው ሲሰበሰብ ካልሆነ ድምፁንም አንሰማም ነበር።

ልጄ ደግሞ ሦስተኛ ክፍል ናት። የምትማረው በአፋን ኦሮሞ ነው። እኔና ባለቤቴ ገበያ ላይ እንግባባበታለን እንጂ የቤት ሥራ የምናሠራበት አቅም የለንም። አባዬ ቋንቋውን አሳምሮ ያውቀዋል። ሲናገረው የሰማ ሰው ሌላ ቋንቋ ይችላል ብሎ አያስብም። ቁቤ፣ የላቲኑን ጽሕፈት፣ ማንበብ ግን አይችልም። ፊደል ቆጥሮ ያደገ ሰው ነው፤ ቁቤ የአፋን ኦሮሞ ጽሕፈት እንዲሆን የተወሰነው በ1984 ዓ.ም ነው፣ ያን ጊዜ አባዬ የልጆች አባት ነበር። እና አንድ ቤት ውስጥ ቋንቋውን የሚያውቅ አያትና ጽሑፉን የምታውቅ የልጅ ልጅ ተቀምጠው መረዳዳት አልቻሉም። ልጄ መጽሐፉን ይዛ ትሄዳለች። አባዬ «ይሄን የላቲኑን አላውቀውም የኔ ልጅ» ይላታል። ከዚያ ሁለቱም ፊታቸውን ያዞራሉ። ይህን ማየት ያማል።

ላይብረሪ ልውሰዳቸው አልኩ። እዚህ ላይ የደረሰብንን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ቦታ አልጠራም፣ ሰውም አልጠራም።

አንዱ ቦታ በር ላይ የተማሪ መታወቂያ አምጡ ተባልን። አባዬ ባርኔጣውን አውልቆ «ተማሪ አይደለሁም፣ ማንበብ ነው የምፈልገው» አለ። «ለፈተና የሚያጠና ነው የሚገባው» ተባለ። በቃ። አንድ ሽማግሌ ዝናብ ላይ ቆሞ ማንበብ እፈልጋለሁ ሲል የሚሰጠው መልስ ይህ ነው? ሌላው ቦታ አስገቡን፣ መጽሐፎቹ ግን መስታወት ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ቁልፉ የት ነው ስንል የያዘው ሰው ፊልድ ወጥቷል። መቼ ይመለሳል? አይታወቅም። በመስታወቱ በኩል አቧራ የጠጡ መጽሐፎችን አይተን ተመለስን። ሌላ ቦታ ደግሞ ልጅ ትረብሻለች ተብላ ልጄ ውጭ ቀረች፣ ለአባዬ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ተጠየቀ። ደብዳቤውን አመጣን። ማኅተሙ አይነበብም ተባለ። በድጋሚ ስንሄድ ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው። አባዬ መንገድ ላይ ክንዴን ያዝ አድርጎ «ተዪው ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ማንበብ ቢቀርብኝስ» አለኝ። ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ተማሪ ቅድሚያ ቢሰጠው አልቃወምም። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሹን ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ልጆቹ ወንበርና መብራት ያስፈልጋቸዋል። ግን ብዙ ቦታ ላይብረሪ ማለት የራስን ደብተር ይዞ ገብቶ የሚያጠኑበት ክፍል ሆኖ ቀርቷል። መጽሐፉ ይቆለፍበታል፣ ሰፈሩ ደጅ ይቀራል። እናቶች፣ ጡረተኞች፣ ሠራተኞች፣ ትንንሽ ልጆች የት ይሂዱ?

ወደዚህችኛዋ የመራን አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። መሪው ጋ መጽሐፍ ሰክቶ አየሁና ከየት አመጣኸው አልኩት። «ላይብረሪ ያለችው ልጅ ተራ አስከባሪው ጋ በካርቶን ታስቀምጥልናለች። ያነበብነውን መልሳ ትወስድና ሌላ ታመጣለች» አለኝ። ይታያችሁ፣ ሹፌሮቹ ተራ ሲጠብቁ የሚያነቡትን ራሷ ተሸክማ የምታደርስ ሰው! በማግስቱ አባዬንና ልጄን ይዤ ሄድኩ።

አሁን የምነግራችሁን ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ገባን። መታወቂያ አልጠየቀችም። ከወንበሯ ተነስታ «አባባ፣ ኮትዎ ረጥቧል፣ መስኮቱ ጋ ይቀመጡ፣ ብርሃንም እዚያ ይሻላል» አለችው። ለልጄ ትንሽ በርጩማ አመጣችላት፣ ያችን ባለ ሦስት እግሯን የጅማ በርጩማ። ምን መጽሐፍ ትፈልጋላችሁ አላለችንም። አባዬ አጠገብ ተቀመጠችና «አባባ፣ ድሮ ምን ማንበብ ይወዱ ነበር?» አለችው። ጋዜጣ፣ አላት። በየትኛው ቋንቋ? «በአማርኛም በኦሮምኛም አነብ ነበር። የዛሬውን ኦሮምኛ ግን አልችለውም፣ ጽሑፉ ተለውጧል።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «በሪሳን ያነቡ ነበር እንዴ?» አለችው።

አባዬ ቀና አለ። እኔ በሪሳ ማለት ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። ለካ በ1960ዎቹ መጨረሻ መታተም የጀመረ የአፋን ኦሮሞ ጋዜጣ ነው። ቁቤ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ የሚታተመው በግዕዝ ፊደል ነበር። እኔ ጅማ ተወልጄ ያደግሁት ያላወቅሁትን እሷ ታውቀዋለች። ወደ ውስጥ ገብታ በጨርቅ የተጠቀለለ ጥራዝ ይዛ ወጣች። ሁለት እጇ ላይ አድርጋ ነው ያመጣችው፣ እንደ አራስ ልጅ። ቀስ ብላ አባዬ ፊት ዘረጋችው።

አባዬ መነጽሩን አደረገ። መጀመሪያ በጣቱ ርዕሱን ተከተለ። ከዚያ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። በኦሮምኛ፣ ከፊደሉ ላይ፣ ሳይደናቀፍ። ልጄ ተንጠራርታ አየችና «አባባ! ይሄ እኮ ኦሮምኛ ነው! ግን ፊደሉ የአማርኛ ነው!» ብላ ጮኸች። ዝም በዪ የሚላት አልነበረም። ሠራተኛዋ ወረቀትና እርሳስ አምጥታ ልጄ ፊት አስቀመጠች። «አባባ ያንብቡ፣ አንቺ የሰማሽውን በቁቤ ጻፊ» አለች። እንዲህ ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቆሜ አየሁ። አባዬ ያነባል፣ ልጄ ትጽፋለች። ድምፁ ሲረዝም አናባቢው ሁለት ጊዜ እንደሚጻፍ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ተነባቢው እንደሚደገም ለአያቷ ታስረዳዋለች። እሱ የማታውቀውን ቃል ትርጉሙን ይነግራታል። ተሳሳትሽ፣ አይ ልክ ነኝ፣ ይከራከራሉ። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። ማታ ማታ እሷ ቡና ስትለቅም አባዬ ጋዜጣውን ጮክ ብሎ ያነብላት ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ያን ድምፁን አልሰማሁትም። በረንዳ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። ሠራተኛዋ አይታኝ ውሃ አምጥታ ሰጠችኝና ምንም ሳትጠይቀኝ ገባች። ፈጣሪ ይባርካት።

ጥራዙ ከየት እንደመጣ በኋላ ነው የነገረችኝ። የሰፈሩ አንዲት እናት ባለቤታቸው ሲያርፉ ኮርኒስ ላይ የተከማቸውን ጋዜጣ ለባለሱቅ መጠቅለያ ሊሰጡት ነበር። እሷ ሰምታ ሄደች። የጅማን እርጥበት ታውቁታላችሁ፤ ግማሹ ሻግቷል፣ ግማሹን ብል በልቶታል። ፀሐይ ወረቀት ያደርቃል፣ ይሰባብራል ብላ ጥላ ላይ ገጽ በገጽ እያናፈሰች አተረፈችው። በቀን በቀኑ ለይታ በመርፌና ክር ጠርዛ ካርቶን አለበሰችው። ስለ አመዘጋገቡና ስለ ቁጥሩ ብዙ አስረድታኛለች፣ እሱ የባለሙያ ነገር ነው። እኔ የገባኝ አንድ ነገር ነው። ያ ጋዜጣ ለአባዬ የደረሰው አንድ ሰው ከቆሻሻ ስላዳነውና የት እንዳስቀመጠው ስላስታወሰ ነው።

በሩ አጠገብ ደግሞ አንድ ደብተር አለ። ፈልጎ ያጣ ሰው ያጣውን ይጽፍበታል። ገልብጬ አየሁት። አንዱ ስለ ንብ ማነብ ይጠይቃል፣ አንዷ ስለ እርግዝና፣ አንዱ ስለ ሞተር ጥገና። እሷ ያን ደብተር ይዛ ከተማውን ትዞራለች። ያለውን ሰው ትለምናለች፣ አዲስ አበባ የሚሄድ ካለ ታስልካለች። መደርደሪያዋ ላይ ያለው መጽሐፍ ብዙ አይደለም፣ ግን ሰው የሚፈልገው ነው። አዲስ አበባ ላይ አብርሆት ላይብረሪ በ2014 ዓ.ም ሲከፈት በቴሌቪዥን አይተን ደስ ብሎናል። እዚያው ያለው ብሔራዊው ላይብረሪ ወመዘክርም ከ1936 ዓ.ም ጀምሮ የአገር ሀብት ነው። አባዬ ግን ለአንድ ጋዜጣ ወደ 350 ኪሎ ሜትር መንገድ አይሄድም። ለእሱ የምትደርስለት ይህቺ አንድ ክፍል ናት።

ቅዳሜ ጠዋት የልጆች ንባብ አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ መጥተው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ያነቡላቸዋል። አንድ ቅዳሜ አባዬን «አባባ፣ ስለ ሂርማታ ገበያ ለልጆቹ ያውሩልን» አለችው። አባዬ እምቢ ይላል ብዬ ነበር። ልብሱን አስተኩሶ ሄደ! ስለ ሐሙስ ገበያው ከአባቱ የሰማውን፣ በቅሎ ጭኖ ከሩቅ አገር ስለሚመጣው ነጋዴ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ማሩ አወራላቸው። ልጆቹ ጥያቄ በጥያቄ አደረጉት። እሷ ቀድማ ስለ ጅማ ታሪክና ስለ አባ ጅፋር የሚያወሱ መጽሐፎችን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ነበር። ወሬው ሲያልቅ ልጆቹ ተሻምተው ተዋሱት። እኔ ይህን ዓይነት ብልሃት አይቼ አላውቅም። በግድ አንብቡ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እንይ ብለው ወላጆቻቸውን ያስቸገሩም አሉ፣ አንዷ የእኔዋ ናት።

መብራት ሲጠፋ ወንበሮቹን በረንዳ ላይ ታወጣለች። ጣሪያው በአንድ በኩል ያፈሳል፣ መጽሐፎቹን ከዚያ አሽሽታ ባልዲ አስቀምጣለች። ስታማርር ግን ሰምቻት አላውቅም።

እባካችሁ የጅማ ሰዎች፣ ሂዱ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቤት ቁጭ ያሉ አባትና እናት ካሏችሁ እነሱንም ይዛችሁ ሂዱ፣ እነሱን በተለይ። ለመግባት ምንም አትጠየቁም። መጽሐፍ ለመዋስ የቀበሌ መታወቂያ ይበቃል፣ ልጅ በወላጁ ስም ይዋሳል። የተዋሳችሁትን በሰዓቱ መልሱ፣ ሌላ ሰው ይጠብቀዋል። ኮርኒስ ላይ፣ አልጋ ሥር፣ አሮጌ ሻንጣ ውስጥ ያስቀመጣችሁት ጋዜጣ፣ መጽሔት፣ የትምህርት መጽሐፍ ካለ ለሱቅ መጠቅለያ አትስጡ። ለእሷ ውሰዱላት። የሻገተም ቢሆን ውሰዱላት፣ ታውቅበታለች። ቆርቆሮ ወይም አንድ ቀን የአናጺ ጉልበት መስጠት የሚችል ሰው ካለ ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ ያ ጣሪያ ይጠገንልን።

እህቴ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። አባዬ ዛሬም ኮቱን ለብሶ ከእኔ ቀድሞ በር ላይ ቆሟል፣ «ሳትዘጋ እንድረስ» እያለ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። የልፋትሽን ዋጋ ፈጣሪ ይክፈልሽ፣ እኛ አቅሙ የለንም።

ቦታው የጠፋባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የምትፈልጉ ካላችሁ ራሴ ወስጄ አሳያችኋለሁ። ጅማ ላለ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ ሼር አድርጉልኝ።