የዋንዛ በር ጊታር ሲሆን፦ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ስላለው እንጨት ቤት

ጎንደር ፒያሳ ሞባይል እጠግናለሁ። ሽቦ የሚበየድበት ካውያና ሊድ የዕለት እንጀራዬ ናቸው። ጊታር ደግሞ ማታ ማታ ነው፣ ከሥራ ስገባ። አምና ግን አንድ ሐሳብ ያዘኝና አልለቅ አለኝ። ኤሌክትሪክ ጊታር ገዝቼ ሳይሆን ሠርቼ ልጫወት አልኩ። የኤሌክትሪኩ ነገር አላስፈራኝም። ያስፈራኝ እንጨቱ ነው። በሕይወቴ መላጊያ ጨብጬ አላውቅም።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ እንጨቱን ስለሠራልኝ ቤት ነው። ከቅዳሜ ገበያ ብዙም አይርቅም። ታፔላ የለውም። በሩ ላይ የተደገፉት የአልጋ ራስጌዎች ናቸው ምልክቱ። ሥራቸው አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ በርና መስኮት ነው። ጊታር ሠርተው አያውቁም ነበር። እኔ ግን ደግሜ ሄጃለሁ፤ ሌላውም ቢሄድ ደስ ይለኛል። መቼ እንደሚሄድና ምን እንደሚያዝ ግን አውቆ ይሂድ።

ባለቤቱ ወደ ስድሳዎቹ የተጠጉ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። ሥዕሉን ይዤ የሄድኩ ቀን ብዙ ሳይናገሩ አዩት። ገለበጡት። ከዚያ፦

«ልጄ፣ ድምፁ በየት በኩል ነው የሚወጣው? ሆድ የለውም እኮ።»

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ክራር የሚጮኸው በቆዳው ነው፣ ማሲንቆም እንደዚያው። ጎንደር ያደገ ሰው ክርና ቆዳን ለይቶ አያያቸውም። ኤሌክትሪክ ጊታር ግን ድፍን እንጨት ነው። ከክሮቹ ሥር ፒካፕ የሚባል ነገር አለ። ማግኔት ነው፤ ዙሪያውን የፀጉር ያህል የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ተጠምጥሞበታል። የብረቱ ክር ከማግኔቱ በላይ ሲንቀጠቀጥ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። አምፕሊፋየሩ የሚያጎላው እሱን ነው። ክሩ የግድ ብረት መሆን ያለበትም ለዚህ ነው። የማሲንቆ ጭራ ቢወጠርበት ፒካፑ ምንም አይሰማም።

ይህን ሁሉ በአፍ ከማስረዳ ብዬ በማግስቱ ፒካፑንና ትንሽ ስፒከር ይዤ ተመለስኩ። በካቻቢቴ ጫፍ የፒካፑን ብረት ነካ አደረግኩት። ስፒከሩ ጓ አለ። ጋሼ ካቻቢቴውን ተቀበሉኝና ራሳቸው ደገሙት። ሦስት አራት ጊዜ።

«ጆሮው ይኸ ነዋ!» አሉ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ፒካፕ የሚባል ቃል የለም። ጆሮ ነው። የጆሮው ጉድጓድ፣ የጆሮው ብሎን። እኔም ለምጄዋለሁ።

እንጨቱን ራሳቸው እንዲመርጡልኝ ጠየቅኳቸው። እዚህ ላይ ነው ይህ ቤት ከሌላው የሚለየው። ከዚያ በፊት የጠየቅኳቸው ሁለት ቤቶች ፊት ለፊት ያለውን ጣውላ አንስተው «ይኸው» ነበር ያሉኝ። ጋሼ አዲሶቹን ጣውላዎች አለፏቸው። «ይኸ ገና ውሃውን አልጨረሰም» አሉ። ወደ ጓዳ ገብተው አቧራ የጠጣ ትልቅ ነገር እየጎተቱ ወጡ። አሮጌ በር ነበር። የፈረሰ ቤት በር። ወፍራም ዋንዛ።

በጣታቸው አንጓ መሃሉን አንኳኩ። «የሚጣመም ቢሆን እስካሁን ተጣሞ ነበር» አሉኝ።

ለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ከፍያለሁ ብል አልቆጭም። ያልደረቀ እንጨት በጋው ሲመጣ ይሸሻል፣ ይሰነጠቃል። አልጋ ላይ ሁለት ሚሊ ቢሸሽ ማንም አያይም። ጊታር ላይ ግን አልቃኝ ይላል። ዋንዛ ደግሞ ቀለል ይላል፣ ለመላጊያም አያስቸግርም። ከበሮ የሚፈለፈለውም ከዋንዛ ነው።

ከበሩ ሁለት ጣውላ ወጣ። ጎን ለጎን በኮላ አጣበቋቸውና በሞርሳ አስረው ሌሊቱን አሳደሯቸው። ከዚያ 45 ሚሊ ሜትር ውፍረት እስኪደርስ ላጉት። ላዩ ሲነሳ የድሮ ምስማር ቀዳዳዎች ብቅ አሉ፣ ዙሪያቸው ጥቁር። «ልድፈነው ወይስ ይቅር?» አሉኝ። ይቅር አልኩ። ዛሬ ሁለቱ ከብሪጁ፣ ክሮቹ አካሉ ላይ ከሚያርፉበት ብረት፣ በስተኋላ ይታያሉ። ጊታሩን የሚያይ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚነካው እነሱን ነው።

አንገቱ ከባዱ ነው። ስድስቱ ክሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ በአንድነት 45 ኪሎ ገደማ ይስባሉ። ግማሽ ኩንታል ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ያን ሁሉ ሌት ተቀን የሚሸከመው ያ ቀጭን እንጨት ነው። ዋንዛ ብቻውን እንደማይችለው ጋሼ ወዲያው ነገሩኝ። ወይራ መሃል፣ ዋንዛ ግራና ቀኝ አድርገው ሦስት ድርብ አደረጉት። የሁለቱን ዋንዛ ቃጫ ደግሞ አዙረው ገጠሙት፣ አንዱ ሊጎብጥ ሲል ሌላው እንዲይዘው። በወይራው ውስጥ ለትረስ ሮድ ቦይ ቆፈሩ። ትረስ ሮድ አንገቱ ሲጎብጥ በቁልፍ እየተጠበቀ የሚያቀናው ብረት ነው። እሱን፣ መቃኛዎቹን፣ ብሪጁን፣ ፍሬቱን (ጣት በሚያርፍበት ሰሌዳ ላይ አግድም የሚገቡትን ቀጫጭን ብረቶች) እና ፒካፖቹን እህቴ ናት ከአዲስ አበባ ያመጣችልኝ። ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳም ወይራ ነው። የወይራውን ፍቅፋቂ አልጣልኩም። ለእናቴ ወስጄላት የወተት ዕቃ አጠነችበት።

ስለ ሥዕሉ አንድ ነገር ልናገር፣ ሌላ ሰው እንዳይሳሳት። ኮምፒውተር ቤት ሄጄ በሙሉ መጠኑ እንዲያትሙልኝ ሰጠኋቸው። ወረቀቶቹን ቀጣጥዬ ማስመሪያ ሳስቀምጥበት 648 ሚሊ መሆን የነበረበት የክሩ ርዝመት 629 ሆነ። ፕሪንተሩ ከገጹ ጋር ለማስማማት አሳንሶታል። ሳልለካ ወስጄው ቢሆን ጋሼ በትክክል የተሳሳተ ጊታር ይሠሩልኝ ነበር፤ ወረቀቱን ነው የሚያምኑት። ስለዚህ ሥዕል ይዞ የሚሄድ ሰው ሥዕሉ ላይ ያለውን አንድ ርዝመት በማስመሪያ ይለካ።

648 ሚሊ ሜትር ከአንገቱ ጫፍ ካለው ነት ከሚባለው የክሮቹ ማረፊያ እስከ ብሪጁ ያለው የክሩ ርዝመት ነው። ሊዮ ፌንደር በ1950 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ለገበያ ባወጣው፣ በማግስቱ ዓመት ቴሌካስተር በተባለው ጊታር ላይ የተጠቀመበት ልክ ነው። ይህን ሰው የምወደው በሌላ ምክንያት ነው። ፌንደር ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። አንገቱን በብሎን ማሰሩ፣ ቢበላሽ ፈትቶ ሌላ መግጠም ማስቻሉ፣ የጠጋኝ ሰው ሐሳብ ነው። የእኔም አንገት በአራት ብሎን ነው የታሰረው።

ያን አንገት የገጠሙበትን ቀን አልረሳውም። አንገቱ የሚገባበት ጎድጓድ 7 ሳንቲም ተኩል ነው የሚረዝመው። እዚያ ላይ ግማሽ ሚሊ ከዘመመ መቃኛው ጋ ሲደርስ 4 ሚሊ ገደማ ይሆናል። ዳር ያለው ክር ከአንገቱ ይወርዳል ማለት ነው። ጋሼ ድሪሉን አላነሱም። ነጭ የስፌት ክር አወጡ። ከአንገቱ ጫፍ እስከ ጊታሩ ግርጌ ወጠሩት። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አጎነበሱ። ተለማማጁን ልጅ «ትንፋሽህን ያዝ» አሉት፣ ክሩ እንዳይነቃነቅ። አንገቱን በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉ፣ አዩ፣ መልሰው ነካ አደረጉ። ሲበቃቸው በእርሳስ ምልክት አድርገው ነው ድሪል የጠየቁት። ቤቱ ውስጥ ያለው መጋዝ ሁሉ ዝም ብሎ ነበር።

አሁን ወደ ጉድለቱ።

ጎድጓዱ 16 ሚሊ ጥልቀት ነበር የሚፈልገው። ተለማማጁ ልጅ 19 አደረገው። ሦስት ሚሊ ትንሽ ይመስላል። አንገቱ በዚያ ልክ ሲሰጥም ግን ክሮቹ ከፍሬቱ ርቀው ይቀራሉ፤ ብሪጁን የፈለገውን ያህል ዝቅ ብታደርገው አይደርስም፣ ጣትም ያማል። ልቤ ወደቀ። ጋሼ ልጁን አልተቆጡትም። ለእኔም «ምንም አይልም» አላሉኝም። «ጥፋቱ የእኛ ነው» አሉ። ወይራ ሦስት ሚሊ እስኪሆን ላጉና ጎድጓዱ ወለል ላይ አጣበቁት። አላስከፈሉኝም። ዛሬ ያ ቦታ ከጊታሩ ሁሉ ጠንካራው ይመስለኛል። ቢሆንም ጥልቀት የሚቆፈር ነገር ካለ በቁጥር ጽፎ፣ ቆሞ ማየት ነው።

ሁለተኛው ቀጠሮ ነው። 15 ቀን ተብዬ ሰባት ሳምንት ፈጀ። የሄድኩት ጥር ውስጥ ነው፣ ጥፋቱ የእኔም ነው። ጥር የሰርግ ወር ነው። የሙሽራ አልጋና ቁምሳጥን ተደርድሮ ሳለ ጊታር ማን ያያል? በዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል። «ነገ ነይ» የሚለውን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። ስልክ ደውለው አይነግሩም፣ ሄዶ መጠየቅ ነው። ሰርጉ ጋብ ሲል፣ ጾሙ ሲገባ ቢሄዱ ይሻላል። እኔ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ላይ ያየሁት ፍጥነት ከመጀመሪያው ጋር አይገናኝም።

ፍሬቱን እዚያ አታሠሩ። ይህን በጭንቀት ነው የምለው። እነሱ ስለማይችሉ አይደለም፣ መጋዛቸው ስለሚወፍር ነው። የፍሬቱ ስንጥቅ 0.6 ሚሊ ገደማ መሆን አለበት። የእንጨት መጋዝ ከዚያ በጣም ሰፊ ይቆርጣል፣ ፍሬቱም አይጨብጥም። እኔ የብረት መጋዝ ምላጭ ገዝቼ ግራና ቀኝ የወጡትን ጥርሶች በመሳያ ድንጋይ አስተካከልኩ። ያኔ ልኩን ቆረጠልኝ። ልኬቱ ቀላል ሒሳብ ነው። የክሩን ርዝመት ለ17.817 ማካፈል ነው። 648 ሲካፈል 36.37 ሚሊ ይሰጣል፣ የመጀመሪያው ፍሬት ቦታ ነው። ቀጥሎ ከቀረው ርዝመት ላይ እንደገና ማካፈል። 12ኛው ላይ ሲደረስ ልክ ግማሹ፣ 324 ላይ ይወድቃል። እዚያ ካልወደቀ የሆነ ቦታ ተሳስተናል ማለት ነው። እያንዳንዱን ከነት ጀምሮ መለካት ይሻላል፤ አንዱን ከአንዱ እየቀጠሉ ከለኩ ስህተቱ እየተደመረ ይሄዳል።

ቫርኒሻቸውንም አልወደድኩትም። ለአልጋ ጥሩ ነው። በቁራጭ እንጨት ላይ ቀብተው ሲያሳዩኝ የዋንዛው መልክ ከወፍራም ብርጭቆ ሥር የተቀበረ መሰለኝ። ያልተቀባውን እንጨት ይዤ ሄድኩ። በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ የተልባ ዘይት ሦስት ጊዜ በጨርቅ ቀባሁት። በየመሃሉ ሳምንት ጠበቅኩ።

የሽቦው ሥራ አንድ ማታ ነው የፈጀው። መጀመሪያ ስሰካው ጮኸ። እምምም የሚል፣ የመብራት ኃይላችን የ50 ኸርዝ ድምፅ። ባለ አንድ ጥምጥም ፒካፕ ከግድግዳው ሽቦ የሚወጣውን ሁሉ ይለቅማል። የፒካፑን ጉድጓድ በወጥ ቤት ፎይል ሸፈንኩት። አሉሚኒየም ሊድ አይቀበልም፣ ስለዚህ ሽቦውን በብሎን ከፎይሉ ጋር ጨብጬ አሰርኩት። አንድ ሽቦ ደግሞ ከብሪጁ ብረት ወደ መሬት መስመሩ። ለዚያ ሽቦ ቀጭን ቀዳዳ አላስበሳሁም ነበር። ተመልሼ ሄድኩ። ጋሼ በረጅሙ መሰርሰሪያ በሁለት ደቂቃ በሱልኝ። ጩኸቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ እጄ ክሩን ሲነካ ግን ዝም ይላል።

ሒሳቡ፦ እንጨቱ፣ አካሉና አንገቱ 7,500 ብር። ግማሹ ቀብድ። ጊታሩ ሁሉ ነገሩ ተገጥሞ 3.9 ኪሎ ይመዝናል።

ያለቀ ቀን በጋቢ ጠቅልዬ፣ በባጃጅ ይዤላቸው ሄድኩ። ትንሿን ስፒከር አልጋዎቹ መሃል አስቀመጥኩ። ትዝታ ቅኝት ቀስ አድርጌ ጀመርኩ። ከልጅነቴ የምሰማው የሮሃ ባንዱ የሰላም ስዩም ጊታር ነው ይህን እንድወድ ያደረገኝ፣ እሱን እያሰብኩ ነበር። ልጁ መላጊያውን አስቀመጠ። ጋሼ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ስፒከሩን አላዩትም። መዳፋቸውን የጊታሩ ጀርባ ላይ፣ አንገቱ በገባበት ቦታ ላይ አደረጉ፣ እስክጨርስ አላነሱትም።

«ይንቀጠቀጣል» አሉ። «ድፍኑም ይንቀጠቀጣል።»

የበሩ ግማሽ አሁንም ጓዳው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ባስ ጊታር ይወጣዋል ብለውኛል። ባለፈው ሳምንት ቀብድ ሰጥቻለሁ።