ስትራት፣ ሌስ ፖል ወይስ ፓሲፊካ? አንድ ጊታር ብቻ ለሚገዛ ሰው

ጊታር ልገዛ ነው ብሎ የሚያማክረኝ ሰው ብዙ ጊዜ ቀለሙንና ስሙን መርጦ ጨርሶ ነው የሚመጣው። ክፋት የለውም፣ ዓይን የወደደውን ጊታር ሰው ቶሎ ቶሎ ያነሳዋል። ግን ሠርግና ክለብ ስጫወት በቆየሁባቸው ዓመታት ያየሁት አንድ ነገር አለ። ሰውን ከጊታሩ ጋር የሚያዘልቀው፣ ወይም በስድስት ወሩ የሚያሸጠው ነገር፣ ሱቅ ውስጥ ልብ የማይባል ነው። ቅኝቱን ይይዛል ወይ? እናንተ ዝም ስትሉ እሱም ዝም ይላል ወይ? ክሩ ሲሳብ እሺ ይላል ወይ? አራት ሰዓት ሙሉ ትከሻ ይችለዋል ወይ?

ሦስቱን በብዛት የምጠየቅባቸውን ጊታሮች በእነዚህ ጥያቄዎች ላወዳድራችሁ። አንደኛው የፌንደር ስትራቶካስተር፣ ባጭሩ ስትራት፣ ነው፣ ርካሹ ወንድሙ ስኳየር ይባላል። ሁለተኛው የጊብሰን ሌስ ፖል፣ ርካሹ ኤፒፎን። ሦስተኛው ያማሃ ፓሲፊካ 112ቪ ነው።

ከጩኸቱ እንጀምር። የስትራት ሦስቱም ፒካፖች፣ ከክሩ ሥር ሆነው ንዝረቱን የሚይዙት፣ ነጠላ ጥቅል ናቸው፣ ማግኔት ላይ የተጠመጠመ አንድ የቀጭን ሽቦ ጥቅል ማለት ነው። ይህ ጥቅል የክሩን ንዝረት ብቻ አይደለም የሚሰማው፣ በአካባቢው ያለውን መብራትም ይሰበስባል። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ያ "እምምም" የሚለው ድምፅ ከአምፑ፣ ከድምፅ ማጉያው፣ ይወጣል። ቤት ውስጥ ብዙም አይታወቅም። አንድ ሠርግ ላይ ግን የመድረክ መብራቱን ከጎኔ ተከሉት፣ ዘፋኙ ትዝታ ሊጀምር ማይኩን ጨበጠ፣ አዳራሹ ጸጥ አለ፣ እና በዚያ ሁሉ ጸጥታ ውስጥ የሚሰማው የእኔ ጊታር ጩኸት ብቻ ነበር። ቮልዩሙን ዘጋሁት። ስከፍተው ተመልሶ መጣ። ሀምበከር የሚባለው ጩኸት የሚያጠፋ ፒካፕ ያለው ጊታር የግድ ነው ብዬ የቆረጥኩት የዚያን ቀን ነው።

ሀምበከርን እ.ኤ.አ. በ1955 የሠራው የጊብሰኑ መሐንዲስ ሴት ላቨር ነው፣ በ1957 ደግሞ ሌስ ፖል ላይ ገባ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ ማግኔታቸውም አጠማጠማቸውም ተቃራኒ ነው። ከመብራት የሚመጣው ጩኸት ሁለቱ ላይ ሲደርስ ይጣፋል፣ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ስለዚህ በጸጥታ ሌስ ፖልን የሚያህል የለም። ዋጋው ምንድነው ካላችሁ፣ ድምፁ ይወፍራል። በኪቦርድና በሳክስፎን መሀል ሆናችሁ ያንን አጭር፣ ደረቅ፣ "ቺክ ቺክ" የሚል ምት ለመምታት ስትፈልጉ ሌስ ፖል ይደፈርሳል፣ ስትራት ግን ጥርት ብሎ ይወጣል። ጊታሪስቱ ሰላም ሥዩም በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ዘመን ጊታሩን ከዘፋኙ ሥር ሥር ሲያስኬደው የሰማ ሰው የጠራ ድምፅ ለእኛ ሙዚቃ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያውቃል።

ፓሲፊካ 112ቪን የምወድለት እዚህ ላይ ነው። ብሪጁ ጋ፣ ማለትም ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበት ጋ፣ ሀምበከር አለው፣ መሀልና አንገቱ ጋ ነጠላ ጥቅል። የቶኑን ማዞሪያ ወደ ላይ ሳብ ስታደርጉት ሀምበከሩ ግማሹ ይጠፋና እንደ ነጠላ ጥቅል ይሆናል። ስትገዙ "ቪ" የምትለዋን ፊደል እዩ፣ 112ጄ የሚባለው ይህ የለውም። አንዴ ከለመዳችሁት ያለሱ መጫወት ይከብዳል።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ክሩን በእጃችሁ ስትነኩ ጩኸቱ የሚቀንስ ከሆነ ጥፋቱ የፒካፑ ዓይነት ብቻ አይደለም፣ የውስጥ ሽቦው ከጩኸት በደንብ አልተከለለም ወይም የግራውንድ፣ ወደ መሬት የሚወርደው መስመር፣ ችግር ሊኖር ይችላል። ክር ይዛችሁ ከንፈራችሁ ማይክ ሲነካ ከነዘራችሁ ደግሞ ወዲያው አቁሙ። ሶኬቱን ኤሌክትሪሽያን ይየው። በዚህ ቀልድ የለም።

አሁን ወደ ቅኝት። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ሰው ቅኝቱ ሲወርድ መቃኛ ቁልፎቹን ይረግማል፣ ውድ ቁልፍ ገዝቶ ይቀይራል፣ ጊታሩ ግን ያው ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ ነት የምንላት፣ ክሩ ወደ ቁልፎቹ ሲያልፍ የሚያርፍባት ትንሽ ነጭ ቁራጭ ናት። ስትቃኙ "ትክ" የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ክሩ እዚያ ተይዟል። ሌስ ፖል ላይ ይህ ይብሳል፣ ቁልፎቹ ሦስት በዚህ ሦስት በዚያ ስለሆኑ መሀል ያሉት ሁለት ክሮች ነቷን አልፈው ወደ ጎን ይታጠፋሉ። በተለይ ከቀጭኑ ስትቆጥሩ ሦስተኛው ክር፣ ሌስ ፖል ያለው ሰው ሁሉ የሚያማርረው እሱን ነው። ስትራትና ፓሲፊካ ላይ ስድስቱም ቁልፎች በአንድ ወገን ስለተደረደሩ ክሮቹ ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት። መላው ርካሽ ነው፣ የእርሳስ ጫፍ ነቷ ቦይ ውስጥ አሽት አሽት አድርጉበት። ካልሆነ በአጥንት ማስቀየር ነው።

በብሪጁ በኩል ግን ሌስ ፖል ያሸንፋል። የእሱ ብሪጅ አይንቀሳቀስም። ስትራትና ፓሲፊካ ትሬሞሎ አላቸው፣ ድምፁን ለማወዛወዝ በዘንግ የሚንቀሳቀስ፣ ከኋላ በስፕሪንግ የተያዘ ብሪጅ። እንዲንሳፈፍ ተደርጎ ከተሠራ፣ በዘፈን መሀል አንድ ክር ሲበጠስ የቀሩት አምስቱ ወደ ላይ ይወጣሉ። ሙሽሮች እየገቡ ይህ ይምጣባችሁ አልልም። ስለዚህ ትሬሞሎ ካልተጠቀማችሁ ከኋላ ስፕሪንግ ጨምራችሁ፣ ብሎኖቹን አጥብቃችሁ፣ ብሪጁን ገላው ላይ አስተኙት። ፍሎይድ ሮዝ የሚባለው በብሎን የሚቆለፈው ዓይነት ሄቪ ሜታል ለሚጫወት ሰው ግሩም ነው። ግን ክር መቀየሩና ማስተካከሉ ጊዜ ይበላል፣ በአንድ ጊታር ማታ ማታ ለሚሠራ ሰው አልመክርም።

ክር ስለ መሳብ። በስትራትና በፓሲፊካ የሚንቀጠቀጠው የክሩ ክፍል 648 ሚሊ ሜትር ነው፣ በሌስ ፖል 628 አካባቢ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ምን ያደርጋል እንዳትሉ። ያው ክር ሌስ ፖል ላይ ይለሰልሳል፣ አንቺሆዬ ወይም ባቲ ስትጫወቱ ድምፁን እንደ ዘፋኝ ጉሮሮ ለማጠፍ ጣት ብዙ አይደክምም። ስትራት ላይ ያንን ልስላሴ የሚፈልግ ሰው ቀጭኑን 9 ቁጥር ክር ያድርግ፣ ሌስ ፖል ላይ 10 ቁጥር ይበቃል። አሮጌ ዓይነት ስትራት ስታገኙ ደግሞ ተጠንቀቁ። የአንገቱ ገጽ ክብ ስለሚበዛበት ወደ ገላው የቀረቡት ፍሬቶች፣ አንገቱን የሚያቋርጡት የብረት መስመሮች፣ ጋ ክር ስትስቡ ድምፁ ይታፈናል። የፓሲፊካው ገጽ ከሁለቱም ይበልጥ ጠፍጣፋ ነው።

ክብደት ላይ አላራዝምም። ሌስ ፖል ከ4 ኪሎ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ለሠላሳ ደቂቃ ምንም አይደለም፣ ከምሽቱ እስከ ሌሊት ለሚጫወት ሰው ግን ነገ ጠዋት ትከሻው ይነግረዋል። ሌላው የሌስ ፖል ድክመት ጭንቅላቱ ነው። ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ ከቆመበት ከወደቀ ነቷ ሥር የመሰበር ልማድ አለው። አሮጌ ስትገዙ በስልካችሁ መብራት ከነቷ ኋላ ያለውን እንጨት እዩት፣ ፀጉር የሚያህል መስመር ካለ ዋጋውን አስቀንሱ ወይም ተዉት።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ፣ ሁለተኛ ጊታር ለሌለው፣ ዛሬ ትዝታ ነገ መዝሙር ነገ ወዲያ ሮክ ለሚጫወት ሰው ፓሲፊካ 112ቪ ነው። ለብቻው ወፍራም፣ የተዛባ (ዲስቶርሽን) ድምፅ የሚወድ፣ ብሉዝና ሮክ ላይ የሚያተኩር ሰው ኤፒፎን ሌስ ፖል ይግዛ፣ አይቆጭም። ስትራቱን የምመክረው ያንን የጠራ ድምፅ ከምንም በላይ ለሚወድ ሰው ነው። ጩኸቱንም ማምለጥ ይቻላል። በዘመኑ ስትራቶች ብዙዎቹ ላይ በፒካፕ መቀየሪያው ሁለተኛና አራተኛ ቦታ ሁለት ፒካፖች አብረው ስለሚሠሩ ጩኸቱ ይጠፋል፣ የሚያምረው ድምፅም እዚያው ነው።

ሱቅ ስትሄዱ ይህን አድርጉ። ቃኙት። ሦስተኛውን ክር አሥር ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡት። እንደገና በመቃኛው እዩት። ከዚያ ቮልዩሙን ሙሉ ከፍታችሁ እጃችሁን አንሱና አዳምጡ።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ሊያመጣላችሁ ከሆነም አምፑን ተዉት፣ የእነሱ መብራት 120 ቮልት ነው፣ እኛ ሶኬት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ጊታሩን ብቻ ያምጣ። እዚህ ላይ ስትራትና ፓሲፊካ ሌስ ፖልን ይበልጡታል፣ የሌስ ፖል አንገት በማጣበቂያ ነው የተያዘው፣ የእነሱ ግን በአራት ብሎን። ክሮቹን አላልቶ ያውጣ፣ አራቱን ብሎን ይፍታ፣ ገላውን ልብስ መሀል ያስተኛው፣ አንገቱን በፎጣ ጠቅልሎ ሻንጣው ጎን ያስገባ። ብሎኖቹን በላስቲክ ቋጥሮ በእጅ ቦርሳው ይያዝ።