ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ እርጥብ ዳማከሴ የሚሸጡት እናት

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ማዳበሪያ ዘርግተው ቅጠላ ቅጠል የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ጤና አዳምም ጦስኝም አላቸው፤ እኔን ደንበኛ ያደረገኝ ግን ዳማከሴያቸው ነው።

በማለዳ ከጓሯቸው ስለሚቆርጡት ከነቅርንጫፉ ነው የሚቀርበው። ቅጠሉን ገና ቆንጠር ሲያደርጉት ይሰነፍጣል፤ ዳማከሴ የበሶብላ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ሽታቸው ይቀራረባል። ምች ለመታው ሰው የሚፈለገው ጭማቂው ነው። ቅጠሉ ታሽቶ በንጹሕ ጨርቅ ይጨመቃል፤ ጥቂቱ በአፍንጫ ይሳባል፣ ጥቂቱ በትኩስ ቡና ይጠጣል፣ በተረፈው ግንባርና ሰውነት ይታሻል። ከአንድ ሱቅ «የዳማከሴ ዱቄት» ተብሎ በብልቃጥ የተሸጠልኝ ግን ሽታ የሚባል አልነበረውም። ቁጥቋጦው ክረምት ከበጋ ለምለም ሆኖ ሳለ ደረቁን ፈጭቶ መሸጥ ምን ይሉታል? ከደረቀ ቅጠል ምን ጭማቂ ይወጣል?

እኚህን እናት ይበልጥ የማከብራቸው «አልሸጥም» በሚሉበት ጊዜ ነው። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ እየተንቀጠቀጠ፣ «እማማ፣ ምች መታኝ» አላቸው።

«ከየት ነው የመጣኸው ልጄ?»

«ከመተሐራ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ደምህን ተመርመር። ወባ ከሆነ የእኔ ቅጠል አያድንህም።» ገንዘቡን መልሰው ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደውን መንገድ አሳዩት።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች፣ እዚህ ትኩሳት ሲነሣ ወባን ቀድሞ የሚያስብ ጥቂት ነው። ከቆላ የተመለሰ ሰው በምች ስም ቤቱ ተኝቶ ቢሰነብት ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ጭማቂውን ለጨቅላ ሕፃን አፍንጫ የሚፈልጉ ወላጆችንም «ሐኪም ዘንድ ውሰዱት» ብለው ነው የሚመልሱት። ሻጭ ሆኖ እንዲህ የሚናገር ስንት ሰው አለ?

የምነቅፍባቸው አንድ ነገር ቢኖር ቅጠሉን በላስቲክ ከረጢት አፍነው መስጠታቸው ነው፤ ቤት እስኪደርስ ያልበዋል፣ ይጠቁራል። ጋዜጣ ወይም ነጠላ ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱ እስር 30 ብር ነው፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ግን የምታገኙት ጦስኝ ብቻ ነው።