የሚንግ ነገሥታት መቃብር፦ ከአዳማ ለዕቃ ግዢ ቤጂንግ ለሚሄድ

አንድ ቀን ከተረፋችሁ ከቤጂንግ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሂዱ፤ ከአዳማ ሞጆ ደርሶ መልስ ያህል ነው። ቤጂንግ ውስጥ ካለው ደሸንግመን 872 ቁጥር አውቶቡስ ያደርሳል። ፓስፖርት አትርሱ። መቃብሮቹ 13 ናቸው፤ ሁሉንም ላዳርስ ማለት ትርፉ ድካም ነው።

ቅድሚያ ለቻንግሊንግ ስጡ። የንጉሥ ዮንግሌ ነው፤ የአዳራሹን ጣሪያ የተሸከሙት ናንሙ ከሚባል ውድ እንጨት የተሠሩ 60 ምሰሶዎች ናቸው፤ ትልልቆቹን አንድ ሰው አቅፎ አይጨርሳቸውም።

ዲንግሊንግ ግን ቅር ያሰኛል። 27 ሜትር ያህል ወደ ታች ወርዳችሁ የምታገኙት ባዶ የድንጋይ ክፍሎችና ቀያይ ሣጥኖች ነው፤ ሣጥኖቹም ቅጂ ናቸው። እንደ ፈረንጆቹ በ1956 ቁፋሮው ሲጀመር የጥበቃው ዘዴ ገና ስለነበር፣ የወጣው ሐር ብዙው ተበላሽቷል። ታች ይቀዘቅዛል፤ በአዳማ ሸሚዝ አይገባም።

የድንጋይ ሐውልቶቹ፣ 24 እንስሳትና 12 ሰዎች፣ ወደ መቃብሮቹ በሚወስደው «ቅዱሱ መንገድ» ላይ ናቸው።