ለልጄ የባልትና መምህርት ከልብ የመነጨ ምስጋና፣ ለወላጆችም ጥቆማ

በቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድሪያና በአካባቢው የምትኖሩ የአገሬ ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ። ልጄን በዘጠነኛ ክፍል «ፋሚሊ ኤንድ ኮንሲዩመር ሳይንስ» ያስተማሩትን መምህርት በአደባባይ ላመሰግናቸው እፈልጋለሁ። የናንተም ልጆች ይህን ትምህርት እንዲመርጡ አደራ እላለሁ። መምህርቷ ስማቸው እንዲህ ባለ ቦታ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ አልጽፈውም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን እነግራለሁ።

ትምህርቱ አገር ቤት ሆም ኢኮኖሚክስ ወይም ባልትና የምንለው ነው። ምግብ፣ የገንዘብ አያያዝ፣ የሕፃናት አስተዳደግና ጥቂት ስፌት አለበት። ስፌቱ እንኳ ቁልፍ ከመትከልና ሱሪ ከማሳጠር ብዙም አላለፈም። ምግቡ ግን ቤታችንን ለውጦታል።

የማኅበር ተራ ሲደርስ በብዙዎቻችን ቤት የተረፈው ወጥ በትልቁ ድስት እንዳለ ምድጃ ላይ ያድራል። ልጄ አንድ ማታ እንግዶቹ እንደወጡ ወጡን በዝርግ ዕቃዎች ከፋፍሎ ፍሪጅ ከተተው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው መምህርቷ ያስተማሩትን አንድ በአንድ አስረዳኝ። ባክቴሪያ በፍጥነት የሚራባው ከ40 እስከ 140 ዲግሪ ፋራናይት ባለው ሙቀት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም። ትልቅ ድስት እንዳለ ፍሪጅ ቢገባ ደግሞ መሐሉ እስኪበርድ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። «ጠዋት አሞቀዋለሁ» ማለትም አያዋጣም፤ አንዳንዱ ባክቴሪያ ትቶት የሚሄደው መርዝ ቢፈላም አይጠፋምና። ለትልልቅ ድግስ የምናበስል ሰዎች ይህን ሁላችንም ማወቅ አለብን።

መምህርቷን ይበልጥ ያከበርኳቸው ግን በክትፎው ጉዳይ ነው። የተፈጨ የበሬ ሥጋ 160 ዲግሪ፣ ዶሮ 165 ዲግሪ ድረስ መብሰል እንዳለበት ሲያስተምሩ ልጄ እጁን አውጥቶ «እኛ ጥሬ ሥጋ እንበላለን» አላቸው። ክፍሉ ውስጥ ሳቅ ተነሣ። መምህርቷ ሳቁን አስቁመው ክትፎ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ሚጥሚጣውና ቅቤው ምን እንደሆነ በሙሉ ጆሮ ሰሙት። ከዚያ ምክንያቱን አስረዱ፦ ባልተቆረጠ ሥጋ ላይ ባክቴሪያው በአብዛኛው የሚገኘው ከላይ ከገጹ ነው፤ ሲፈጭ ወይም ሲከተፍ ግን የላዩ ከውስጡ ይቀላቀላል። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃንና አዛውንት ከሌላው ሰው ይልቅ ስለሚጎዱ ለእነሱ በደንብ የበሰለው እንዲቀርብ መከሩት። ልጄ በባህሉ ሳያፍር እውቀቱን ይዞ ገባ። በባዕድ አገር ልጅ ለምናሳድግ ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዐቢይ ጾም ላይም እንዲሁ ነበር። የክፍሉ ሥራ ኬክ መጋገር ሲሆን ልጄ እንቁላልም ወተትም እንደማይቀምስ ነገራቸው። እሳቸውም በአንድ እንቁላል ፈንታ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ አርሶ መጠቀም እንደሚቻል አሳዩት፤ የእሱ ቡድን በሙሉ የጾም ኬክ ጋገረ። እናቴ ይህን በስልክ ስትሰማ «ተልባ እዚያም ደረሰ?» ብላ ደስ አላት።

የገንዘቡን ትምህርት አሳንሳችሁ እንዳታዩት። የናሙና የደመወዝ ወረቀት ሰጥተው ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለመንግሥት ጡረታ) 6.2 በመቶ፣ ለሜዲኬር (ለአዛውንት የጤና መድን) 1.45 በመቶ እንዴት እንደሚቆረጥ አስልተዋል። ክሬዲት ካርድ ላይ ዝቅተኛውን ክፍያ ብቻ የሚከፍል ሰው ዕዳው ለምን እንደማያልቅለትም እንዲሁ። አንድ ጊዜ ያልገዛነው ነገር የክሬዲት ካርድ ሂሳባችን ላይ ቢመጣ፣ ስህተቱ ያለበት መግለጫ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት እንዳለብን፣ ስልክ መደወል ብቻውን የሕጉን ከለላ እንደማያስገኝ የነገረን ልጃችን ነው። በዚያው ሰሞን የእህቴን አራስ ልጅ ማር ሊያልሱ የነበሩ እናት ነበሩ፤ ልጄ በትሕትና «እማማ፣ አንድ ዓመት ሳይሞላው ማር አይሰጥም፣ ቦቱሊዝም የሚባል በሽታ ያመጣል» ብሎ አስቆማቸው።

ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ «ይሄ ቀላል ክፍል ነው፣ በምትኩ ኤፒ (በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጠውን ከባድ ትምህርት) ይውሰድ» የሚሉ ወላጆች እሰማለሁ። ትምህርቱን ከመሠረቱት ዋነኛዋ ኤለን ስዋሎው ሪቻርድስ ናት። በ1873 ከኤም.አይ.ቲ. (ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም) የተመረቀች የመጀመሪያዋ ሴት ስትሆን ኬሚስት ነበረች። በ1909 የተመሠረተው የሙያው ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንትም እሷው ናት። ኬሚስትሪን ወደ ማድ ቤትና ወደ መጠጥ ውሃ ያመጣች ሴት የጀመረችው ትምህርት ቀላል ሊባል አይገባም። «ለወንድ ልጅ ምን ያደርግለታል?» ለሚሉም መልሴ አጭር ነው፦ ወንዱም ነገ ኮሌጅ ገብቶ ለብቻው ይኖራል፣ ይበላል፣ ኪራይ ይከፍላል፣ አባትም ይሆናል።

መምህርት ሆይ፣ ልጄ ይህን ተርጉሞ እንደሚያነብልዎት ቃል ገብቶልኛል። ልጄን በእውቀትም በክብርም ስላስተማሩልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ለወላጆች፦ ብዙ ትምህርት ቤቶች የቀጣዩን ዓመት ኮርስ የሚያስመርጡት በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ አካባቢ ነው። ስሙ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስለሚለያይ ካውንስለሩን «ምግብ፣ የገንዘብ አያያዝና የሕፃናት እድገት አንድ ላይ የሚያስተምር መግቢያ ክፍል የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ምድጃው ውስን ስለሆነ ቦታው ቶሎ ሊሞላ ይችላል። ልጃችሁ የሚጾም ወይም የምግብ አለርጂ ያለበት ከሆነ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ለመምህሩ በኢሜይል አሳውቁ፤ ቀድመው ካወቁ የክፍሉን ሥራ ለእሱ በሚስማማ መንገድ ያዘጋጁለታል።