«ቀይ ነው ያልከው፣ ቀይ አደረግንልህ»፦ ድሬዳዋ ላይ ለሰማይ ፎቶ ካሜራ የምትፈልጉ አንብቡት

ትናንት ከሰዓት ነው የሆነው። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም። «ይብረድልህና ጻፈው» ያለኝ ሰው ነበር። ከበረደልኝ ግን እንደማልጽፈው ራሴን አውቀዋለሁ።

58,000 ብር ተበላሁ። የዕቁብ ብር ነው። ዕጣዬ እስኪወጣ ከዓመት በላይ ጠብቄዋለሁ።

የሱቁን ስም አልጠራም። ድሬ ያላችሁ ግን ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ጠባብ ሱቅ፣ መስታወት ውስጥ የተደረደሩ ያገለገሉ ካሜራዎች፣ «አቦ ግባ፣ ለአንተ ነው ያስቀመጥኩት» የሚል ሰውዬ። «የለም» የሚባል ቃል አያውቅም። የጠየቅከው ሁሉ «ይመጣል» ነው። ስልክህን ይመዘግብና ከቀናት በኋላ ይደውላል። ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ሄዶ ዕቃ ያልገዛ የድሬ ልጅ መቼም የለም። እኔም ሌንሴንና ትራይፖዴን የገዛሁት እዚያው ነው፣ ከሐቀኛ ሰዎች። ለዚህም ነው ይሄኛው ሱቅ ስገባ ልቤን ጥዬ የገባሁት።

እኔ የማነሳው ኔቡላ ነው። በከዋክብት መሃል ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና ማለት ነው። አብዛኞቹ በባዶ ዓይን አይታዩም። ካሜራ ብርሃናቸውን ደቂቃ በደቂቃ ሲያጠራቅም ግን ብቅ ይላሉ። ነገሩ የጀመረኝ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሹ ዕለት ነው። ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና ታየች፣ እኛ ድሬ ላይ ከፊሏ ተሸፍኖ አየናት። ከዚያን ቀን ወዲህ ማታ ማታ ወደ ላይ ማየት አልተውኩም።

የብዙ ኔቡላ ዋናው ቀለም ቀይ ነው። ቀዩ የሚመጣው ከሃይድሮጅን ነው። በአካባቢው ያሉ በጣም ትኩስ ኮከቦች ጋዙን ያበሩትና 656.3 ናኖሜትር ላይ ቀይ ብርሃን ይሰጣል። ከሱቅ የምንገዛው ካሜራ ደግሞ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል፣ ሴንሰሩ ፊት ማጣሪያ መስታወት አለው። የተሠራው የሰው ፊትና ልብስ በዓይናችን እንደምናየው እንዲወጣ ነው። ታዲያ ያንን ቀይ ብርሃን አብዛኛውን እዚያው ያስቀረዋል። ለዚህ ነው ሰማይ የሚያነሱ ሰዎች ካሜራ አስፈትተው መስታወቱን የሚያስቀይሩት። ፋብሪካው ራሱ ለዚህ ብሎ የሠራቸውም አሉ። ካኖን 60ዲኤ በ2012፣ ኒኮን ዲ810ኤ በ2015፣ ካኖን ኢኦኤስ አርኤ በ2019 እ.ኤ.አ. ወጥተዋል። እኔ የእነሱ አቅም የለኝም። መስታወቱ የተቀየረ አሮጌ ካኖን 600ዲ ካገኘሁ ይበቃኝ ነበር።

ጅልነቴ እዚህ ላይ ነው። ሰውዬው «ምን ዓይነት ነው እሱ?» ሲለኝ ደስ ብሎኝ አስረዳሁት። ድሬ ውስጥ ስለዚህ ነገር ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለማ! ወንበር ሳበልኝ። ሻይ አዘዘልኝ። እያንዳንዱን ቃል በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ «መቀየሩንስ በምን ታውቀዋለህ?» አለኝ።

«ቀላል ነው» አልኩት። «ቀን ላይ ስታነሳበት ሁሉ ነገር ቀላ ይላል። ነጭ ወረቀት እንኳን ሮዝ ይመስላል።»

በገዛ አፌ። ፈተናውንም መልሱንም አንድ ላይ ሰጠሁት።

በአራተኛው ቀን ደወለ። «አቦ የት ጠፋህ? ዕቃህ መጥቷል። አንድ ፈረንጅ ሲጠቀምበት የነበረ ነው፣ በጅቡቲ በኩል ነው የገባው።» እየበረርኩ ሄድኩ። ካሜራው በርቶ ጠበቀኝ። ነጭ ወረቀት እንኳን ተዘጋጅቶ ነበር። ወረቀቱን አነሳው፣ ስክሪኑ ላይ ሮዝ ሆነ። ረዳቱን ልጅ አነሳው፣ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ደስታው ሌላ ነገር እንዳስብ አልፈቀደልኝም። «በደረሰኝ 66፣ ያለ ደረሰኝ 58» አለኝ። ያለ ደረሰኝ አልኩ። እዚያው ቆሜ በስልኬ ላኩለት። ከጎኑ ያልተነካ 600ዲ 36,000 ብር ተብሎ ተቀምጦ ነበር። ልዩነቱን የከፈልኩት ለመስታወቱ ነው።

ከዚያ ጥምቀት አልፎ ጨረቃ የሌለችበት ሳምንት እስኪመጣ ጠበቅኩ። በመሃሉ ቤት ውስጥ ብዙ አነሳሁበት። ሁሉም ቀይ። እኔም ደስተኛ።

ድሬ ውስጥ ሆኖ ኔቡላ ማንሳት አይሆንም። የከተማው መብራት ሰማዩን ያጥበዋል፣ ሙቀቱም ሴንሰሩ ላይ የውሸት ነጠብጣብ ያበዛል። ደንገጎ ብትወጣም የድሬ መብራት ከታች ይከተልሃል። ስለዚህ ሐረርን አልፌ ባቢሌ ወረድኩ፣ አጎቴ ጋ። ቤቱ ከከተማዋ ወጣ ይላል። ኦቾሎኒው ከተነቀለ ቆይቷል፣ ማሳው ባዶ ነው። መብራት የለም። ሰማዩን ያየ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል፤ ከዋክብቱ ከመብዛታቸው የተነሳ የምታውቃቸውን ለመለየት ትቸገራለህ።

ሰሜን ኮከብ በእኛ አካባቢ ከአድማስ 10 ዲግሪ እንኳን ከፍ አትልም። ትንሽ ጉብታ ትጋርዳታለች። ምድር ደግሞ በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። ካሜራውን የሚያዞረው ትራከር በሰሜን በኩል በደንብ ካልተስተካከለ ኮከቦቹ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ መስመር ይሆናሉ። እሱን ሳስተካክል ብቻ አንድ ሰዓት ከሩብ አለፈ።

ያነጣጠርኩት ኦሪዮን በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ላይ ነው። ቀበቶው የሚባለው ቦታ ላይ ሦስት ኮከቦች አሉ። የምሥራቋ አልኒታክ ትባላለች። ከእሷ ሥር ቀይ የጋዝ መጋረጃ ተዘርግቷል። መጋረጃው ፊት የፈረስ ራስ የመሰለ ጥቁር የአቧራ ደመና ቆሟል። በ1888 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ላይ ዊልያሚና ፍሌሚንግ የምትባል ሴት በፎቶ መስታወት ላይ ነው ያገኘችው። ፈረሱ የራሱ ብርሃን የለውም። የሚታየው ከኋላው ያለው ቀይ ስለሚያበራ ነው። ቀዩ ከጠፋ ፈረሱም ከጨለማው ጋር ይቀላቀላል። ካሜራውን የገዛሁት ለዚህ ፈረስ ነው።

በ200 ሚሊሜትር ሌንስ፣ እያንዳንዱን 60 ሰከንድ፣ 118 ፎቶ አነሳሁ። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ቀልቶ ነው የሚወጣው። አጎቴ ጋቢውን ተከናንቦ አብሮኝ አምሽቷል። ጠርቼ አሳየሁት። «አየህ? ሃይድሮጅኑ ነው!» አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ ልጄ» አለኝ። ከብሩ ይልቅ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

እሑድ ቤት ገብቼ ራው ፋይሎቹን ላፕቶፔ ላይ ሲሪል በሚባለው ፕሮግራም ደረብኳቸው። ቀዩ የለም። ፈረሱ ያለበት ቦታ ላይ ጭስ የመሰለ ፈዛዛ ግራጫ ነገር ብቻ። ራው ፋይል ሴንሰሩ የተቀበለውን እንዳለ ነው የሚያስቀምጠው። የካሜራው ስክሪን ግን በሜኑው የቀለም ማስተካከያ ያለፈውን ነው የሚያሳየው። ይሄን አውቅ ነበር። ግን ሰውን መጠርጠር አልመጣልኝም። ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ እስኪነጋ ደጋግሜ ሠራሁት።

ትናንት ካሜራውን ይዤ ሄድኩ። ድሬ ነውና ከቀትር በኋላ ሱቁ ዝግ ነው። እስከ 10 ሰዓት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ለጸብ አልነበረም የሄድኩት። እሱንም ያመጣለት ሰው አታልሎት ይሆናል ብዬ ነበር። እንዲያውም አሳዝኖኝ ነበር።

ካሜራውን ተቀበለኝ። ይህችን ቅጽበት ከትናንት ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳየኋት አልነግራችሁም። አላገላበጠውም። ሌንሱን አላየም። «ምን ሆነ?» ብሎ እንኳን አልጠየቀኝም። አበራውና ሜኑ ተጫነ። አውራ ጣቱ ወደ ጎን ሄደ፣ ከዚያ ወደ ታች። ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። ካሜራውን አያየውም። ስክሪኑ ላይ መሃሉን መስቀል የከፈለው ባለ አራት ማዕዘን ሰንጠረዥ ወጣ። ውስጡ አንዲት ትንሽ ነጥብ አለች። ቦታዋ መሃል ነበር መሆን ያለበት። እሷ ግን ከታች በስተቀኝ ጥጉ ላይ ተለጥፋለች። ከዚያ ወዲያ መሄጃ የላትም። ሰውዬው ወደ ግራ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አደረገ። ወደ ላይ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ነጥቧ መሃል ገባች። ያንኑ ነጭ ወረቀት አነሳው። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ወጣ።

«ይኸው፣ ተስተካከለልህ» አለኝ።

ጣቱ መንገዱን ያውቀዋል። እኔ ሻዩን ጠጥቼ ከወጣሁ በኋላ በዚያው መንገድ ሄዶ ነው ነጥቧን ጥግ ያስገባት።

«መስታወቱ አልተቀየረም ማለት ነው?» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

«የቱ መስታወት? አቦ አንተ እኮ ቀይ ነው ያልከው፣ ቀይ አደረግንልህ። አሁን ደግሞ ቀዩን ጠላኸው። እኛ ምን እናድርግህ?»

ረዳቱ ልጅ ከት ብሎ ሳቀ። «ኮከብ ቆጣሪው» አለኝ፣ ፊት ለፊቴ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩ፣ እነሱም ሳቁ። ብሬን መልሱ ስል ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በአገጩ አሳየኝ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። የከፈልኩበትን መልእክት ከስልኬ ባሳየው «እሱ ላይ ካሜራ የሚል የት አለ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የለም። እሺ ራሱን ካሜራውን ግዛኝ፣ እናንተ በምትሸጡበት 36,000 ቀርቶ ቀንስና ግዛኝ አልኩት። «አሁንማ ያገለገለ ነው፣ 20 እይዝልሃለሁ» አለኝ። ሰማይ ያነሳሁበት አንድ ሌሊት ብቻ ነው።

ስወጣ ረዳቱ ሌላ 600ዲ ከሳጥን አውጥቶ ነጩን ወረቀት እያነሳ ነበር። «ይሄስ የማን ነው?» አለው ሰውዬው። «የሐረሩ ልጅ ቅዳሜ ይወስደዋል» አለ።

ለምትገዙ ሰዎች የምለው አጭር ነው። መቀየሩን እንዴት እንደምታረጋግጡ ለሻጭ አትንገሩ። ካሜራውን እንደያዛችሁ ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ ሁሉንም ማስተካከያ ወደ መጀመሪያው መልሱት፣ ዋይት ባላንሱን፣ የነጭ ቀለም ማስተካከያውን፣ ፀሐይ ላይ አድርጉና ደጅ ወጥታችሁ አንሱ። ራው ፋይሉን በራሳችሁ ላፕቶፕ ክፈቱት። ሮዝነቱ ከዚያም በኋላ ካለ እውነት ነው። ሻጩ ደረሰኝ ላይ «ማጣሪያው የተቀየረ» ብሎ ይጻፍ። አልጽፍም ካለ ውጡ። እኔ ነገ ንግድ ቢሮ አመለክታለሁ፣ ደረሰኝ ባይኖረኝም።

የሐረሩ ልጅ፣ ማን እንደሆንክ አላውቅም። ሐረር ላይ ኔቡላ የሚያነሳ ሰው መኖሩንም ያወቅኩት ትናንት እዚያ ሱቅ በር ላይ ነው። ቅዳሜ ወደ ድሬ ከመውረድህ በፊት ጻፍልኝ። ቀብድ ከፍለህም ከሆነ አብሬህ እገባለሁ፣ ነጥቧ የት እንዳለች እኔ አሳይሃለሁ።