ሥራውን ላስተማሩኝ የኦዲዮቪዥዋል ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው፣ በኦዲዮቪዥዋል (በድምፅና በምስል መሣሪያዎች) ቴክኒሺያንነት አብሬያቸው ስሠራ ኮትኩተው ያሳደጉኝን አንጋፋ ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገንና፣ ጉባኤ፣ ሥልጠና ወይም ሌላ ሰፊ መድረክ የምታዘጋጁ ሁሉ ሥራችሁን በሙሉ እምነት እንድትሰጧቸው ለመጠቆም ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ ስለማይወዱ እዚህ አልጠቅሰውም፤ የምትፈልጓቸው ግን በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ገመድ በመዘርጋትና በመሰብሰብ ነበር፤ እርሳቸው ግን ይህን እንደ ተራ የጉልበት ሥራ አላዩትም። ገመድ በክንድ ላይ በኃይል ሲጠቀለል በውስጡ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች እየተጠማዘዙ እንደሚጎዱ፣ አንዱን ዙር ወደ ውስጥ ቀጣዩን ወደ ውጭ እያፈራረቁ ሲሰበስቡት ግን በሚቀጥለው ሥራ ላይ ሳይወሳሰብ እንደሚዘረጋ እጄን ይዘው አሳይተውኛል። የተበላሸውን ገመድ ለይቼ ምልክት ማድረግና ከደኅናዎቹ ጋር እንዳይቀላቀል መጠበቅም የእኔ ድርሻ ሆነ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ኃላፊነት መሸከም የጀመርኩት ግን በዚያ ነው።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው፣ ችግር ሲያጋጥም ከመነካካት በፊት ማሰብን ስላስተማሩኝ ነው። «ድምፁ ከየት ተነሣ? በየት አለፈ? የት ቀረ?» ብለው ይጠይቁኛል፤ ማይኩን፣ ገመዱን፣ ድምፆችን የሚያደባልቀውን ሚክሰር፣ ድምፁን የሚያጎላውን አምፕሊፋየርና ስፒከሩን በቅደም ተከተል ፈትሼ መልሱን እስካመጣ ድረስም ይታገሡኛል። ለመሥራት ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ኮንደንሰር ማይክ ዝም ሲል፣ ገመዱን ከመጠርጠር በፊት ከሚክሰሩ የሚላክለት 48 ቮልት መከፈቱን ማየት የለመድኩት በዚህ መንገድ ነው።

በአንድ ጉባኤ ላይ በቪዲዮ ከርቀት የገቡ ተናጋሪ፣ የገዛ ድምፃቸው ዘግይቶ እየተመለሰ ስለረበሻቸው ንግግራቸውን አቋረጡ። ከታዳሚው መካከል «ስፒከሩን ቀንሱት» የሚል ድምፅ በረከተ። አለቃዬ ግን ከጎኔ ቆመው፣ ሚክሰሩን ሳይነኩ፣ ቀስ ብለው «ኢኮውን የሚሰማው ማነው?» አሉኝ። የሚሰሙት እንግዳው ብቻ ከሆኑ፣ ድምፃቸውን መልሶ የሚልክባቸው የእኛ ወገን ነው ማለት ነው፤ አስቀድሞ በአዳራሹ የተገጠመውን፣ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደውን መስመር ስከታተል የአዳራሹ ማይኮችና የእንግዳው ድምፅ አንድ ላይ ተደባልቀው ይወጡበት ነበር። ለእንግዳው የሚላከውን ወደ ሌላ መውጫ አዛውሬ ከውስጡ የራሳቸውን ድምፅ ሳስወጣ ኢኮው ጠፋ፤ ንግግሩም ቀጠለ። አለቃዬ እጃቸውን ዘርግተው ራሳቸው ቢያስተካክሉት እጅግ ይፈጥን ነበር፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው እየተመለከተን በእኔ ላይ እምነት ጣሉ፤ አዘጋጁ ሊያመሰግናቸው ሲመጣም ያስተካከልኩት እኔ መሆኔን ነገሩት። እንዲህ የሚያደርግ አለቃ ብዙ አይገኝም።

ረጃጅም አዳራሾች ውስጥ ያላቸው ጥንቃቄ ደግሞ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከመድረኩ ስፒከሮች 30 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው የሚደርሰው ከ87 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ነው፤ እዚያው አጠገቡ የተተከለው ተጨማሪ ስፒከር ሳይዘገይ ቢለቀቅ አንዱ ቃል ሁለት ጊዜ እየተሰማ ንግግሩ ይደበላለቅበታል። ስለዚህ የኋላዎቹን ስፒከሮች በዚያ ልክ፣ እንዲያውም በጥቂት ሚሊሰከንድ አልፈው ያዘገዩዋቸዋል፤ ያን ጊዜ የአድማጩ ጆሮ ድምፁ ከመድረኩ እንደሚመጣ ይቀበለዋል። ስሌቱን ከጨረሱ በኋላም በቁጥሩ ብቻ አይረኩም፤ እኔ መድረክ ላይ እንድናገር አድርገው ከመጨረሻው ረድፍ ሄደው ይቀመጣሉ፤ ከጥግ እስከ ጥግም ቦታ እየቀያየሩ ያዳምጣሉ። ዛሬ ብቻዬን ሥራ ስይዝ እኔም ይህን ሳላደርግ በር አላስከፍትም።

ልታሠሯቸው የምታስቡ አንድ ነገር አስቀድማችሁ ብታውቁ ይጠቅማችኋል፦ ብዙ ይጠይቃሉ፤ አዳራሹን ሳያዩም ሥራ አይቀበሉም። በመጨረሻው ሰዓት ደውሎ «ማይክና ፕሮጀክተር ብቻ አምጡልን» ለሚል አዘጋጅ ይህ ሊከብደው ይችላል። እኔ ግን በዚህ አቋማቸው እስማማለሁ፤ ትርፍ ማይክ ተገጥሞና ተፈትሾ፣ ሁለተኛው ኮምፒውተር ተከፍቶ፣ የገመድ አልባዎቹ ማይኮች ፍሪኩዌንሲ (ድምፁን የሚያስተላልፉበት የሬዲዮ ሞገድ) እርስ በርስ እንዳይረባበሽ ተለይቶ የሚጠብቀው በቂ ጊዜ ሲያገኙ ነውና።

ስትጽፉልኝ የተናጋሪዎቹን ቁጥር፣ ከርቀት የሚገባ ሰው መኖር አለመኖሩን፣ እንዲሁም ቀረጻ ትፈልጉ እንደሆነ ግለጹልኝ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው። ለእርሳቸው ደግሞ፦ ጋሼ፣ ስላስተማሩኝና ስላመኑኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።